የሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ 31 ጊዜ የተመለሰው አዝማች

ክበባችን የቁርኣንን አሻራ በሙስሊም ጸሐፍት ሥራዎች ላይ ለማጥናት በመምረጡ «የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነው ወይስ መድረሳ?» የሚል ጥያቄ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር ደርሶናል። አምና ቅኔን ስናጠና ይህን የጠየቀን አልነበረም።

የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ስብሰባዎች ኮሚቴ በመምረጥና ደንብ በማጽደቅ አለፉ። ከጥር በኋላ ግን በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም ይዘን ሱረቱ አር-ረሕማን የተባለውን ምዕራፍ አነበብን፤ «ከጌታችሁ ጸጋዎች በየትኛው ታስተባብላላችሁ?» የሚለው አንቀጽ በተመለሰ ቁጥር ተማሪዎቹ በሰሌዳው ላይ ጭረት እያሰመሩ 31 አደረሱት። ወላጆቹ ከወሎ የመጡ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ይኼማ እንደ መንዙማ ተቀባይ አለው» አለ። የመንዙማ አዝማች ከዚህ ብቻ ተቀዳ ለማለት ባንደፍርም፣ ይህን ምት ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው ያኖረ ሰው ብዕር ሲያነሣ ወዴት እንደሚያዘነብል አይተናል። የወሎው ሊቅና የመንዙማ ገጣሚ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ ግጥም መጻፋቸው ደግሞ ብዙዎቹን ተማሪዎች አስገርሟል፤ ቁርኣን ለማንበብ የተማሩት ፊደል ለአገር ቋንቋም መዋሉን አልጠረጠሩም ነበርና።

በሚያዝያ ወር የደንገጎን ዳገት ወጥተን ወደ ሐረር፣ ሸሪፍ ሙዚየም ሄድን። በቆዳ ከተጠረዙት ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች አንዱ በተገለጠበት መስታወት ፊት፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጎንበስ ብላ ፊደሉን በሹክሹክታ ስትቆጥር ቆየችና ድንገት ቀና አለች። «ዐረብኛ አይደለም እኮ! ጌይ ሲናን ነው፤ አያቴ የምትናገረው!» የሐረሪን ቋንቋ ማለቷ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብላ ስታነብልን አስጎብኚው ማብራሪያውን አቋርጦ ያዳምጥ ጀመር። እኔም ብሆን የምናገረው አልነበረኝም። በሳምንቱ ያመጣችልኝ ግጥም፣ ማንም ሳያዛት፣ በቢስሚላህ ተከፍቶ በሰለዋት፣ ማለትም በነቢዩ ላይ በሚወርድ ጸሎት፣ የሚዘጋ ነበር።

ከ23 አባላት ሐረርን ያዩት 14ቱ ብቻ መሆናቸውን አልሸሽግም። ቃል የተገባልን መኪና በዕለቱ ስላልመጣ በመዋጮ ሚኒባስ ተኮናትረን ሄድን፤ የሚያዋጡት ያጡት ዘጠኙ ከትምህርት ቤቱ በር ተመለሱ። ለ23 ልጆች ያለን የትርጉም ቅጂም አንድ፣ እሱም የግሌ ነው፤ ፎቶ ኮፒውም ከኪሴ ነው። ለኳስ ቡድኑ ማሊያ በየዓመቱ የሚቀይረው በጀት የአንድ ቀን የመኪና ኪራይ የሚያጣ አይመስለኝም። ወላጆችም ቢተባበሩን፣ በጥቅምት መጀመሪያ ወደ ሐረር የምንመልሰው ጉዞ በእነዚያ ዘጠኝ ልጆች ስም ተመዝግቧል።