ለዘውዱ፦ ስለዚያ የገና ዱላ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 19

ወንድሜ ዘውዱ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁ። የእናትህን ለቅሶ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽህም፤ ሰምቼ ነው የቀረሁት። ይቅር በለኝ። ስንገናኝ እንደ ልብህ ትሰድበኛለህ፤ አሁን ግን ጭንቅ ይዞኛል።

ልጁ ቦክስ ጀምሯል። አዎ፣ ያ ጭንህ ላይ ተቀምጦ ጢምህን ይነጭ የነበረው፤ አሥራ ሰባት ሞላው። ከሁለት ሳምንት በፊት በልምምድ ላይ አገጩን ተመትቶ ወደቀ። ተነሥቶ ዙሩን ጨረሰ፤ ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ማታ እናቱ እጁን ልታስታጥበው ስትመጣ «አሁን በላን አይደል እንዴ?» አላት። መሶቡ ገና አልተከፈተም ነበር። ከዚያ ወዲህ ራሱን ያመዋል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ እህቱ ስትስቅ ይቆጣል።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ የራስ ቅሉ ደኅና ነው። «እንግዲያው ምን ሆነ?» ብላት «ወተት ሲናጥ ቅሉ ይሰነጠቃል?» አለችኝ። ለመንዜ እንዲህ ካላስረዱት አይገባውም መሰለኝ። ቦክሰኞች ራሳቸው ላይ የሚያጠልቁት መከላከያም ከቁስል እንጂ ከመናጡ አያድንም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የሪዮ ኦሊምፒክ ወንዶቹ ያለ እሱ ነው የተጋጠሙት። ሳይድን ዳግመኛ ከተመታ ደግሞ አንጎሉ በድንገት ሊያብጥ፣ ሊገድለውም ይችላል አለች።

እንቅልፍ ስላጣሁ ማንበብ ጀመርኩ። ማይክ ዌብስተር የሚባል የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ ያ በእጅ የሚጫወቱት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በ50 ዓመቱ ሞተ። ቤኔት ኦማሉ የተባለ ናይጄሪያዊ ሐኪም ሲመረምረው አንጎሉ ለዓይን ጤነኛ ይመስል ነበር። ቀጭን አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነው ጉዳቱ የተገኘው። ራስ ደጋግሞ ሲመታ የሚመጣው ይህ የአንጎል በሽታ በእርግጥ የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ይህን አንብቤ ተነሣሁና የልጁን ጓንት ጎታ ውስጥ፣ ገብሱ ሥር ቀበርኩት። ቅዳሜ ግጥሚያ አለው። አሰልጣኙ «ወንድ ልጅ አይደል እንዴ?» ይለኛል፤ ልጁም ካኮረፈኝ አራት ቀኑ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። መሐል ሜዳ፣ የዚያ ዓመት ገና። ሩሩን አየሁ ብዬ የሰነዘርኩት ዱላ ጆሮ ግንድህ ላይ አረፈ። ወድቀህ ዓይንህ ነጩን ሲያሳይ እኔ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልኩ እየሳቅኩ ጨፈርኩ። ማታ መንገዱ ጠፍቶህ እጅህን ይዤ ቤት አደረስኩህ፤ ለእናትህም ጠላ ቀምሶ ነው አልኳት። ለቅሶው ላይ ያልቆምኩት... ተወው፣ እሱን በአካል እነግርሃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ራስህን ያምህ ነበር? እስከ መቼ? አሥረኛ ክፍል ስትደግም ሰነፍክ ብዬ ቀልጄብህ ነበር። እውነቱን ንገረኝ፤ አትዘንልኝ። ከቻልክ ደግሞ ከቅዳሜ በፊት ለልጁ ደውልለት፤ የእኔን ነገር መስማት ትቷል። ጓንቱ የት እንዳለ ከጠየቀህ አላውቅም በለው።

ያው ወዳጅህ