ስለ ጥንታዊ ሸክላ ያወጣችሁት ጽሑፍ እርማት ይፈልጋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቀደምት ገበሬዎችና ስለ ሸክላቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ነው ያነበብኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አልተዋጠልኝም፤ ሰው እርሻ ሲጀምር ሸክላም መሥራት ጀመረ የሚለው። እኔም ተማሪ ሳለሁ የተነገረኝ እንዲሁ ነበር። ከመሬት የወጣው ማስረጃ ግን ሌላ ይላል።

በቻይና፣ ሺያንረንዶንግ ዋሻ የተገኙት ገሎች ዕድሜያቸው 20,000 ዓመት ገደማ ነው። የሠሯቸው አድነውና ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ያኔ እርሻ ገና አልታሰበም። ኢያሪኮ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አርኪዮሎጂስቷ ካትሊን ኬንየን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ስትቆፍር፣ ቤት ሠርተውና እህል ዘርተው የኖሩ ሰዎችን ንብርብር አገኘች። የሸክላ ዕቃ ግን የላቸውም። ዘመኑን «ቅድመ ሸክላ ኒዮሊቲክ» (ሸክላ ያልነበረበት አዲስ የድንጋይ ዘመን) ያለችው ለዚህ ነው። በዚያ አካባቢ ገበሬዎች ከሺህ ዓመት በላይ ያለ ድስት ኖረዋል።

ታዲያ እንዴት ያበስሉ ነበር? በቱርክ፣ ቻታልሆዩክ በታችኞቹ ንብርብሮች ድብልብል የጭቃ ኳሶች በብዛት ይወጣሉ። አጥኚዎች እንደሚሉት ኳሶቹን እሳት ላይ አግለው ምግቡን ያሞቁበት ነበር። እሳት የሚችል ድስት ሲመጣ ኳሶቹ እየጠፉ ሄዱ። ይህ ለእኔ ትልቅ ለውጥ ነው። ኳስ እያጋሉ መመላለስ ቀርቶ፣ ድስቱን ጥዶ ወደ ሌላ ሥራ መዞር ተቻለ።

ሌላው ቅር ያለኝ ፎቶዎቹ ናቸው። ሁሉም ያጌጡና ቀለም የተቀቡ ዕቃዎች ናቸው። ብዙ የሚናገረው ግን ጥላሸት የጠጣው ተራ ገል ነው። ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው የሚበስለውን ምግብ ስብ ይመጥጣል፤ ስቡም ለሺህ ዓመታት እዚያው ሊቆይ ይችላል። በፖላንድ፣ ኩያቪያ ወንፊት የመሰሉ ገሎች ተገኝተዋል። አርኪዮሎጂስቱ ፒተር ቦጉትስኪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. «አይብ ማጥለያ ናቸው» አለ። ግምቱን የሚያጠናክር ማስረጃ የመጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከሸክላው ውስጥ የወተት ስብ ወጣ፤ ከዛሬ 7,000 ዓመት ገደማ በፊት የተጠለለ ወተት! የዚያ ዘመን አዋቂዎች አብዛኞቹ ጥሬ ወተት አይስማማቸውም ነበር። አይብ ሲሠራ ግን ሆድ የሚያውከው ስኳር አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ችግራቸውን እንዴት እንደፈቱት አንድ የተበሳ ገል ይዞ ቆየልን።

ለዚህም ነው ገል ከመሬት እንደወጣ መፈተግና በባዶ እጅ መነካካት የሚያሳስበኝ። የእጃችን ቅባት ራሱ ናሙናው ውስጥ ይገባል። ጽሑፋችሁ ስለዚህ አንድ መስመር ቢኖረው ምንኛ ደስ ባለኝ!

እባካችሁ ዓረፍተ ነገሩን አርሙት። በሚቀጥለው ጊዜም ካጌጠው ማሰሮ ጎን አንድ የጠቆረ ገል አሳዩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ