ሁለት መስመር፣ ሰባት ቃል፦ የእንግሊዝኛ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

"የታሚል ግጥም? ያውም በእንግሊዝኛ ትርጉም? ለድሬዳዋ ልጅ?" ዘንድሮ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ አላውቅም። አንዳንዱ ከልቡ ነው፣ አንዳንዱ ለቀልድ። ለሁሉም በአንድ ጊዜ እዚህ ልመልስ።

ነገሩ የተጀመረው አምና በእንግሊዝኛ ቀን ነው። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አንድ ሕንዳዊ መምህር በእንግድነት መጥተው ነበር። አፍ መፍቻቸው ታሚልኛ ነው፤ የደቡብ ሕንድ ቋንቋ። ንግግር ያደርጋሉ ብለን ስንጠብቅ ሁለት መስመር ግጥም በራሳቸው ቋንቋ አነበቡና ዝም አሉ። ልጆቹ "ይደገም!" አሉ። ደገሙት። ሲሄዱ መጽሐፉን ትተውልን ሄዱ።

መጽሐፉ "ቲሩኩራል" ነው፤ የጥንት ታሚሎች ሥራ። ደራሲው ቲሩቫሉቫር ይባላል። 1,330 ጥንድ ስንኞች በ133 ምዕራፎች ተከፍለዋል፤ በእያንዳንዱ ምዕራፍ አሥር አሥር ናቸው። አንዱ ጥንድ "ኩራል" ይባላል፤ ሁለት መስመር ነው፣ በላይኛው አራት፣ በታችኛው ሦስት እግር (የግጥም መለኪያ ነው፤ በግምት አንድ ቃል)። በቃ። ሕንድ ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ካንያኩማሪ፣ ባሕር ውስጥ ባለ ዓለት ላይ የዚህ ሰው ሐውልት ቆሟል። ከነመቆሚያው 133 ጫማ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ጫማ። ልጆቹ ፎቶውን ሲያዩ "ለገጣሚ ነው ይሄ ሁሉ?" አሉ። አዎ፣ ለገጣሚ ነው።

የምናነበው በአብዛኛው የፖፕን ትርጉም ነው። ጆርጅ ዩግሎ ፖፕ ሚሲዮናዊ ነበር፤ ሙሉውን በእንግሊዝኛ ግጥም መልሶ እ.ኤ.አ. በ1886 አሳተመው። እንግሊዝኛው አሮጌ ነው። ቤት እንዲመታለት ብሎ ቃሉን የሚጠመዝዝበት ቦታም አለ። ለቋንቋ ትምህርት ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። አንድ ሰዓት ሙሉ በሁለት መስመር ላይ የሚከራከር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፕላዝማው ሲሠራም አይቼ አላውቅም።

ስብሰባዎቻችን ሐሙስ ሐሙስ ከብሎክ 3 ጀርባ፣ ኒሙ ጥላ ሥር ነበሩ። ክፍሉ እንደ ምጣድ ስለሚግል ነው። (ኒሙም ከሕንድ አካባቢ የመጣ ዛፍ ነው፤ ይህን የባዮሎጂ መምህራችን ሲነግሩን ልጆቹ አጨበጨቡለት።) 26 ጊዜ ተገናኝተናል። ቃለ ጉባኤው ስላለ ዝርዝሩን እዘለዋለሁ።

ስለ መጀመሪያው ኩራል ግን ሳልናገር አላልፍም። "አ የፊደላት ሁሉ መጀመሪያ እንደሆነ፣ አምላክም የዓለም መጀመሪያ ነው" ይላል። አንዱ ወዲያው "የኛ ፊደል በሀ ነው የሚጀምረው፣ ተሳስቷል" አለ። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈው ልጅ "አበገደስ?" ሲለው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ "አሊፍስ?" አለች። የግዕዙ ሌላ ተራም፣ የዐረብኛውም ፊደል በአ ነው የሚጀምሩት። ድሬ ማለት ይሄ ነው። የሃይማኖት ስብከት እንዳይሆን የሠጋችሁ ወላጆች ነበራችሁ፤ ግጥሙ የአምላኩን ስም አይጠራም። ልጆቹ ይህን ከኔ ቀድመው አስተውለዋል።

"የራሳችን ቅኔ እያለ" ላላችሁትም፣ እውነታችሁን ነው፣ አለ። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር የግዕዝ ቅኔም ሁለት መስመር ነው። ግን ልጆቻችን ስለ ጉባኤ ቃና መጠየቅ የጀመሩት ኩራልን ካነበቡ በኋላ ነው። ያው የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ሁለቱን ሲያነጻጽር "የኛ ወርቁን ይደብቃል፣ ይሄኛው ወርቁን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል" ብሎናል። እኔ በ14 ዓመት ማስተማር እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልወጣኝም።

አሁን ወደ ጉዞው። ያቀድነው ወደ ዩኒቨርሲቲው ነበር። አውቶቡስ አልተገኘም። ስለዚህ ጥር ላይ፣ በሴሚስተር ዕረፍት፣ በእግር ወጣን። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ። ምክንያቱ ኩራል ቁጥር 396 ነው። የፖፕ ትርጉም፣ አሸዋን ጠልቀህ ስትቆፍር ከሥር ያለው ምንጭ ጋ ትደርሳለህ፣ ብዙ በተማርክ ቁጥር ጥበብ ይፈሳል የሚል ነው። ከጉዞው በፊት በነበረው ሐሙስ ሁሉም "ገባን" ብለው ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ አንገቷን ነቀነቀች። ይህች ልጅ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። የአያቷ አገር ሺንሌ በኩል፣ ከድሬ ወጣ ብሎ ያለው ደረቅ ቆላ ነው።

"ትርጉሙ ልክ አይደለም" አለች።

ታሚልኛ ታውቂያለሽ እንዴ ብለው ሳቁባት። ዝም አለች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ፈገግ ብያለሁ።

ወንዙ ላይ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ በቆርቆሮ መቆፈር ጀመረች። ክርን ያህል ወረደች፤ ደረቅ ነው። ሌሎቹም ገቡ። ጉልበት ያህል ሲሆን አሸዋው ጠቆረ። ትንሽ ሲጨምሩ እጅ ማርጠብ ጀመረ። ከዚያ ከጉድጓዱ ሥር አንድ ጭልፋ የሚሆን ድፍርስ ውሃ ተጠራቀመ። ቀዱት፤ መልሶ ያንኑ ያህል ሞላ። ከዚያ አላለፈም። "አሁን ጨምሩ" አለች። አንድ ክንድ ጨመሩ፤ ውሃውም ጨመረ።

"ምንጭ አይደለም" አለች። "ምንጭ ሳትቆፍረውም ይፈሳል። የአሸዋ ውሃ በቆፈርከው ልክ ነው። ስታቆም ያቆማል።"

እዚያው ስልኬን አውጥቼ ሌላውን ትርጉም ፈለግሁ። ድሩ የሚባል ሚሲዮናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስድ ንባብ የመለሰው ነው። ውሃው የሚመጣው "በተቆፈረው ጥልቀት ልክ"፣ ዕውቀትም "በተማሩት ልክ" ይላል። ማታ ለሕንዳዊው መምህር ደወልኩ። ታሚልኛውም ሁለቱን መስመሮች የሚጀምረው በዚሁ በ"ልክ" መሆኑን ነገሩኝና አነበቡልኝ፦ "ቶተነይቱሩም" ብሎ አንዱ፣ "ከትረነይቱሩም" ብሎ ሌላው። እኛ ቤት የምንመታው በመጨረሻ ነው፤ እነሱ በመጀመሪያም ይመታሉ። ፖፕ ለቤቱ ሲል የጣለውን ቃል የሺንሌዋ ልጅ በቆርቆሮ ቆፍራ አወጣችው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በረንዳ ላይ ብዙ ቆየሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የራሷን አማርኛ ይዛ መጣች። ሕጉን ጠብቃለች፣ ላይ አራት፣ ታች ሦስት ቃል፦

አሸዋ የሚያጠጣው በቆፈሩት ልክ፤
ዕውቀትም በተማሩት ልክ።

ሁለቱም በአንድ ቃል ማለቃቸውን ቅኔ አዋቂ ይነቅፈው ይሆናል። እኔ አልነቅፈውም።

ያልተሳካውንም ልናገር። በ31 ልጆች ጀምረን በ14 ጨርሰናል። ሰኞ ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ አንድ ኩራል እናነብ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዝም አለ፣ እስካሁንም ዝም ነው። አንዱ ልጅ "የበሰለ ፍሬ እያለ ጥሬውን መንከስ" የሚለውን፣ መልካም ቃል እያለ ክፉ ስለሚናገር ሰው የተባለውን ኩራል፣ ያለማጉያ ሲጮህ "ጥሬ ማንጎ በሚጥሚጣ ይጣፍጣል!" የሚል መልስ ከ9ኛ ክፍል ሰልፍ መጣ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ስለ ፍቅር የሚናገሩትን 250 ኩራሎች ደግሞ አልነካናቸውም። ልጆቹ ግን ነክተዋቸዋል፤ መጽሐፉ የት ገጽ ላይ እንደሚከፈት አይቻለሁ።

አንድ መጽሐፍ ለ31 ልጅ። ፎቶ ኮፒው ከኪሳችን። ለኳስ ቡድናችን ዘንድሮ ሁለት ዙር ማሊያ ተገዝቷል፤ ደስ ብሎናል፣ አሸንፈዋልም። እኛ የጠየቅነው አምስት ደስታ ወረቀትና ለአንድ ቀን የአውቶቡስ ነዳጅ ነው። ደብዳቤው ኅዳር ላይ ገብቷል። ወላጅ መምህር ኅብረት ይህን ካነበበ ቁጥሩን መዝገብ ቤት ያገኘዋል።

ልጆቹ 40 ኩራሎችን ወደ አማርኛ መልሰዋል። እስኪታተም ድረስ በእጅ የተጻፈው ደብተር ቤተ መጻሕፍት፣ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ። ማንም ማንበብ ይችላል፣ ማውጣት ግን አይቻልም። ቁጥር 396 ያለበት ገጽ ሲገለጥ አሸዋ ያራግፋል፤ የቤተ መጻሕፍቷን ኃላፊ ይቅርታ ጠይቀናል።