አዳቃይ አለን፣ አዋላጅ ግን የለንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ባለፈው ስለ ዲቃላ ላሞች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ወተቱም ብሩም ተጽፏል፣ ግን መሀል ላይ ያለችውን አንድ ሌሊት ዘላችኋታል። እኔ ጎጃም አዊ ዞን ነው ያለሁት። እኛ ጋ አዳቃዩ፣ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያስረግዘው ባለሙያ፣ በሞተር ይመጣል፣ ያዳቅላል፣ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ከ9 ወር በኋላ ጊደሯ በሌሊት ስታምጥ ማን እንደሚመጣ ግን መዝገቡ ላይ የለም።

የኔዋ ጊደር የአገር ዝርያ ነች፣ ትንሽዬ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነበር፣ የተዳቀለችው ደግሞ በፍሪዥያን፣ ማለትም በትልቁ የውጭ የወተት ላም ዝርያ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሽርት ውሃው ፈሰሰ፣ ቆይቶ ሁለት የፊት ኮቴ ብቅ አለ፣ አፍንጫ ግን የለም። ጥጃ በደህና ሲመጣ አፍንጫው ሁለቱ የፊት እግሮቹ ላይ ተኝቶ ነው የሚመጣው፣ እግር መጥቶ አፍንጫ ከጠፋ አንገቱ ወደ ኋላ ታጥፏል ማለት ነው። ይሄን አሁን ነው የማውቀው። ያን ሌሊት ግን ጎረቤት ተጠራ፣ ገመድ መጣ፣ አራት ሆነን ሳብን፣ በጥማድ በሬ እንጎትተው ያለም ነበር እሱን እንኳ እምቢ አልኩ። የክሊኒኩ ባለሙያ ስልክ ዝግ ነው። ከሌላ ቦታ ያገኘነው ልጅ የደረሰው ጠዋት 1 ሰዓት ነው፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ እስከ ትከሻው አስገባና መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ፣ ጥጃውን ወደ ውስጥ መለሰው። ገፋው! ቦታ ሲያገኝ አገጩን ይዞ አንገቱን አዞረው፣ ከዛ ስታምጥ ብቻ እየጠበቀ አንዴ አንዱን እግር አንዴ ሌላውን ቀስ እያለ ሳበው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጥጃው ግን ሞቶ ነበር፣ እሷም ሦስት ቀን መነሳት አቅቷት ተኝታ ከረመች፣ የዳሌዋ ነርቭ ተጎድቶ ነው አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ የታገልነው ለመሳብ ነበር፣ የሚያስፈልገው መግፋት ነበር።

ሌላም ነገር አለ፣ መድኃኒት ቤት ሄደው የምጥ መርፌ ገዝተው የሚወጉ አሉ። ጥጃው ተጣሞ እያለ መርፌው ማህፀኑን ሲያስጨንቀው ማህፀን ይቀደዳል፣ ላሟም ትሞታለች። ማህፀኑ ተከፍቶ ጥጃው ቦታውን መያዙ ሳይታይ የሚወጋ መርፌ አይደለም። እጅ ለማስገባትም ጓንት ያስፈልጋል፣ በተለይ የጨነገፈች ላም ላይ፣ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋልና።

ፈረስማ ጭራሽ ተረስቷል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲያሸበርቁ ካሜራው ሁሉ ይመጣል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ፈረሱን የወለደችውን ባዝራ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። ባዝራ 11 ወር ተሸክማ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው የምትወልደው፣ ላም ላይ የለመድነው መጠበቅ እሷ ጋ አይሰራም። ሽርት ውሃው ከፈሰሰ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውርንጭላው ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ እየጠበበ ነው የሚሄደው። አምና የአጎቴ ባዝራ ስታምጥ በነጩ ሽፋን ፋንታ ቀይ፣ ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ነገር መጣ፣ ቆመን አየነው። ለካ እንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቆ ነው፣ ውርንጭላው አየር አጥቶ እየታፈነ ነው፣ ወዲያው ቀደን ማውጣት ነበረብን። አልቀደድነውም። ሞቶ ወጣ።

የቀረው እንግዴ ልጅ ደግሞ እስከ ቀትር ተንጠልጥሎ ዋለ። አጎቴ «ላሟም እንዲህ ሆና በማግስቱ ጣለችው» አለ፣ እውነቱን ነው ላም ግማሽ ቀንም አንድ ቀንም ብትቆይ ብዙ ጊዜ ትችለዋለች (ድንጋይ እያንጠለጠሉ መጎተቱ ግን ይቅር፣ ማህፀኑን ገልብጦ ያወጣዋል)። ባዝራ ግን ከወለደች በኋላ 3 ሰዓት ካለፈ ሐኪም የሚጠራበት ነገር ነው፣ ማህፀኑ ይመረዛል፣ መርዙ ኮቴ ላይ ይወርዳል። የአጎቴ ባዝራ ከዛ ወዲህ ስታነክስ ነው፣ ጭነትም አትችልም፣ ደጅ ቆማ ትውላለች።

ስለዚህ እባካችሁ ስትጽፉ ይሄንንም ጠይቁልኝ፦ ስንት ላም ተዳቀለ ብቻ ሳይሆን ስንቷ በሰላም ወለደች የሚል መዝገብ ለምን አይያዝም? ለትንሽዬ የአገር ጊደር የመጀመሪያዋ ከሆነ ጥጃው ትንሽ የሚሆነውን ጀርሲ መስጠት እየተቻለ ለምን ለሁሉም ፍሪዥያን? ሰው እንደሚያዋልደው ጤና ጣቢያ ለከብትም ሌሊት ተረኛ የሚሆን አንድ ሰው ለአንድ ወረዳ ይበዛል? እንስሳት ጤና ተምረው ሥራ ፍለጋ የሚዞሩ ልጆች እኮ እዚሁ ሰፈራችን አሉ። አዳቃዩም የመውለጃዋን ጊዜ ቆጥሮ በወረቀት ቢሰጠን ምን ይጎድልበታል፣ እኔ ያሁኗን ራሴ ነው በግድግዳ ካሌንደር የቆጠርኩት።

ያቺው ጥጃዋ የሞተባት ላሜ እንደገና ከብዳለች፣ በኔ ቆጠራ ለጥር መጨረሻ ነው። ያን ሌሊት የሚነሳ ስልክ ቁጥር የሚያውቅ ካለ በናንተ በኩል ይላክልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዊ