የነጭ ዓሣ መንገድ ይከፈት፦ ለአማራ ክልል የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ያደግሁት ጉማራ ወንዝ ዳር ነው። ልጅ ሳለሁ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጎርፉ ቀንሶ ውኃው መጥራት ሲጀምር፣ ነጭ ዓሣ ከጣና ተነሥቶ ሽቅብ ይመጣ ነበር። ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት ጠጠራማ ቦታ ጀርባው ብቅ እያለ ሲንፈራገጥ ከዳር ቆመን እናያለን። አንድ ዓመት ታላላቆቻችን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ከበላይ በኩል በተኑት። ጥቂት ቆይቶ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ መንሳፈፍ ጀመረ። እኛ ልጆቹ በቅርጫት ለቀምን። እናቴ አንዱን ስትሰነጥቀው ሆዱ ከዳር እስከ ዳር በእንቁላል ተሞልቶ ነበር። ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ «ምነው እስክትወልድ እንኳ ብትተዋት» አለች። የተናገረችው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የምጽፍላችሁ የጣና ዓሣ መመናመን በተነሣ ቁጥር አንድ መፍትሔ ደጋግሜ ስለምሰማ ነው፦ የዓሣ ጫጩት አራብቶ ሐይቁ ውስጥ መጨመር። ቲላፒያ ለሚባለው ለቀረሶ ይሆን ይሆናል፤ ቀረሶ ከሐይቁ ሳይወጣ ይራባል፣ ኩሬም ይስማማዋል። ነጭ ዓሣ ግን ሌላ ነው። በአንድ ስም የምንጠራው እንጂ 15 ያህል ዝርያ አለው፤ አብዛኛው ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ወንዝ ወጥተው፣ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ከሐይቁ በታች፣ ዓባይ ላይ ደግሞ 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ ከሥሩ ያለ ዓሣ ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ አንዱ ዝርያ ከጠፋ ከሌላ ውኃ አምጥተን የምንተካው አይኖርም። ከጥቂት እናቶች በገንዳ የተራባ ጫጩት የዚህን ሁሉ ዝርያ ልዩነት ሊይዝ አይችልም። ቢይዝ እንኳ፣ አድጎ ለመራባት የሚወጣው በዚያው መረብ በታጠረ ወንዝ ነው።

ጉዳቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና የገባው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ተመራማሪዎች በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. የያዙትን ሲያነጻጽሩ፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ቁጥር በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። ከዚያ ወዲህ ሞኖፊላመንት የሚባለው ስስ መረብ መጣ፤ ገና ያልደረሰውን ትንሹንም አያሳልፍም። እምቦጭም ተጨመረበት።

ይህ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ወንዝ ለመግባት የወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል፤ አስጋሪውም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን የሚዘረጋው እዚያው ነው። በጥቂት ሌሊት የሚወጣው የስንት ዓመት ዓሣ ነው። ፍልሰታም ከዚሁ ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ብዙ በመሆኑ ፈላጊው ይበዛል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ በጉማራ፣ በርብ፣ በግልገል ዓባይ፣ በመገጭና በድርማ አፍ ላይ መረብ አይጣል። ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ አላልሁም። በደንገል ታንኳ ልጆቹን የሚያሳድገው አስጋሪ መሀል ሐይቁ ላይ ሥራውን ይቀጥል፤ የወንዙን አፍ በመተዉ ለሚጎድልበት ገቢ ግን ድጋፍ ይደረግለት፤ ለጥበቃውም ቀድሞ የሚቀጠረው እሱ ይሁን። ዓሣው የት እንደሚያድር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕግ አጣን ብለን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። ስሱን መረብም ሌሊት በጀልባ ከማሳደድ በየሱቁና በየኬላው መያዝ ይቀላል።

አሸዋና ጠጠር የሚያወጡት ማኅበራትም አሉ። በደረቁ ወራት ገልባጭ መኪና ወንዙ ውስጥ ገብቶ ሲጭን ስታዩ የሚሄደው ጠጠር ብቻ ይመስላችኋል፤ እንቁላሉ የሚያርፍበት አልጋ ነው እየተጫነ ያለው። ለማኅበራቱ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ጋር ተቀምጣችሁ ዓሣ የሚራባባቸውን ገባር ወንዞች በስም ዘርዝሩና ከቁፋሮ ነጻ አድርጓቸው። የርብ ግድብ ውኃ ሲለቀቅም፣ በመራቢያው ወራት ለዓሣው የሚበቃ ውኃ ታስቦ ይለቀቅ። ብርብራ መበተንን የማስቆሙን ነገር ለመንደሩ ሽማግሌዎችና ለቄሶቹ ተዉት፤ እነሱ ቢያወግዙት ከዘበኛ ይበልጣል።

የጸጥታው ሁኔታ ብዙ ሥራ እንዳከበደባችሁ ይገባኛል። ሁሉንም ወንዝ ዘንድሮ ጠብቁ ብዬ አልጠይቅም። ከጉማራ ጀምሩ። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት የወንዙን አስጋሪዎች ሰብስቡና የትኛው ቦታ መረብ እንደማይጣልበት ከእነሱው ጋር ወስናችሁ ምልክት ትከሉ። ስትጠሯቸው እኔም እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉማራ ዳር ልጅ