ምግብ ቤቴን በቃል ዘጋችሁት፤ ለመክፈቻው ለምን ደብዳቤ ትጠይቁኛላችሁ?

ለከተማችን የኮሮና መከላከል ግብረ ኃይል ሰብሳቢ

ሐምሌ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። አንዱን በግንቦት፣ ሁለቱን በሰኔ። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ቅጂዎቹ በእጄ ናቸው። መልስ አልመጣም። ስለዚህ አራተኛውን ከእርስዎ ጋር የከተማው ሰው ሁሉ እንዲያነበው ጻፍሁት።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ አምስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ። በጾም ሽሮና በየዓይነቱ፣ በፍስክ ጥብስ እሠራለሁ። በዚያች ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንዷ ከወንበርማ፣ አንዷ ከሰከላ የመጡ ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ንግድ ፈቃዴ የታደሰ ነው፣ ግብሬም ተከፍሎ አያውቅም የሚል ሰው የለም።

የሆሳዕና ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 5 ቀን፣ ረፋዱ ላይ ሦስት ደንብ አስከባሪዎች መጡ። «እትዬ፣ ለጊዜው ይዝጉ» አሉኝ። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅሁ። «ይነገርዎታል።» ትእዛዙን አሳዩኝ አልሁ። «በቃል ነው የተነገረን።» አልተከራከርሁም። እኔ ያደግሁት «በሕግ አምላክ» ሲባል የተቆጣ ሰው ያነሳውን ዱላ በሚያወርድበት አገር ነው። በሽታውም ያስፈራኝ ነበር፤ ዛሬም ያስፈራኛል። ምጣዱ ላይ የነበረውን እንጀራ አውጥቼ፣ እሳቱን አጥፍቼ፣ ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጠፉ። «ታሽጓል» ይላል፣ ቀኑም ተጽፎበታል። የደብዳቤ ቁጥር የለውም፣ ምክንያት የለውም፣ የማን ትእዛዝ እንደሆነም አይናገርም።

ለፋሲካ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። በበዓል ሰሞን መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት ያለው ሰው ምን እንደሚያዘጋጅ እርስዎም የዚህ አገር ሰው ነዎትና ያውቁታል። የዕቁብ ዕጣዬን ያወጣሁት በዚያው ወር ነበር። በእሱ ገንዘብ 14 ኪሎ ቅቤ፣ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት፣ አንድ ኩንታል የጤፍ ዱቄት ገዝቼ ጓዳ አስገብቻለሁ። በርሜሉ ሙሉ ሊጥም ነበር። በማግስቱ ሄጄ ዕቃዬን ላውጣ ብዬ ለመንሁ። እሽግ የነካ በወንጀል ይጠየቃል ተባልሁ። በሁለተኛው ቀን ሄድሁ፣ በሦስተኛው ቀን ሄድሁ። ስቅለት ዕለትም ሄድሁ፤ ቢሮው ዝግ ነበር።

የተፈቀደልኝ ሚያዝያ 28 ነው፣ በ23ኛው ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ደንብ አስከባሪ ቆሞ እያየ። ሽንኩርቱ በጆንያው ውስጥ በቅሎ፣ አረንጓዴው በሽመናው አልፎ ወጥቶ፣ ሥሩ በስብሶ ወለሉ ላይ ፈስሶ ነበር። በአካፋ ነው የጠረግነው። ዱቄቱ ነቅዟል። ቅቤው ሻግቷል። ሊጡ ጠቁሮ፣ ክዳኑን ሳነሳው ከጠባቂዎቹ አንዱ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። የሰከላዋ ልጅ እያለቀሰች ምጣዱን ስታጥብ «ተይው፣ ጊዜ የለንም» አልኋት። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ እንደገና አሸጉት። ይህን ሁሉ ያደረገው ኮሮና አይደለም፤ አንድ ቀን ቀደም ብሎ «ዕቃሽን አውጪ» ማለት ያልፈለገ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገርዎ። ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ፤ «እኛ አላሸግንም፣ ግብረ ኃይሉን ጠይቂ» አሉኝ። እርስዎ ዘንድ መጣሁ፤ ጸሐፊዎ «ከላይ የመክፈቻ ደብዳቤ አልወረደም» አለችኝ። ዞን ሄድሁ። አውቶቡሱ ግማሽ ሰው እየጫነ ስለሚሄድ ታሪፉ ጨምሯል፤ በተዘጋ ቤት ከየት እንዳመጣሁት አይጠይቁኝ። እዚያ ያነጋገሩኝ ሰው በትሕትና ሰምተውኝ «እኛ እንዲዘጋ ያዘዝነው ነገር የለም፣ ያልዘጋነውን እንዴት እንከፍታለን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዘጋው ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ማኅተም የለውም፣ ፋይል የለውም፣ ኃላፊ የለውም። ለመክፈቱ ሲሆን ግን ፊርማና ቲተር ያለበት ደብዳቤ ከእኔ ይፈለጋል።

ደንቡን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን ታወጀ፤ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 466/2012 ቀጥሎ ወጣ። የቀበሌያችን መምህር ስልኩ ላይ አውርዶ አንብቦልኛል። ምግብ ቤት ይዘጋ አይልም። በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ አይስተናገድ፣ በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከል የሁለት አዋቂ እርምጃ ይኑር ነው የሚለው። እኔ ሲከፈትልኝ አምስቱን ጠረጴዛ ወደ ሦስት ለመቀነስ ወስኛለሁ፤ እርምጃውንም አስልቻለሁ። በር ላይ የሚቀመጥ የውኃ ጀሪካንና ሳሙና አዘጋጅቻለሁ። ለሁለቱ ልጆች ጭምብል አሰፍቻለሁ። ሦስቱንም በማመልከቻዬ ጽፌልዎ «መጥታችሁ እዩልኝ» ብያለሁ። የመጣ የለም።

መዝጋት ባስፈለገበት ጊዜ መዘጋቱን የተቃወምሁ አይምሰልዎ። መጋቢት ላይ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ጥሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን ይዘጉ ሲባል አጎቴ እንጅባራ ነበር። ተቸግሯል፣ ግን መቼ እንደሚጀምርም መቼ እንደሚያበቃም ተነግሮታል። ቀኑን ቆጥሮ ጠበቀ። እነዚያ ከተሞች ዛሬ እየተንቀሳቀሱ ናቸው። አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ የምትሠራበት ምግብ ቤት አንድም ቀን አልተዘጋም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚያገኝ ሕዝብ ይዘን እንደ ሀብታም አገር ሁሉን መዝጋት አንችልም ብለው በይፋ የተናገሩት ገና በመጀመሪያው ወር ነው። የዕለት ጉርስ ፈላጊው ጎጃም ውስጥ የለም?

አሁን ደግሞ ከእኔ ደጃፍ ማዶ ያለውን ልንገርዎ። ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው አውቶቡስ ምሳ ላይ እዚያ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ ትልቁ ሆቴል ይገባል፤ ቆጥሬ አይቻለሁ፣ በአንድ ጠረጴዛ አምስትና ስድስት ሆነው ይበላሉ። ባለቤቱ ይከሰስ አላልሁም፤ እሱም ሠራተኞች አሉት። ግን ቫይረሱ ትልቅ ጣሪያና ትንሽ ጣሪያ ለይቶ የሚገባ ከሆነ የጤና ባለሙያ ያስረዳኝ። ካልሆነ አንዱ ቤት ክፍት፣ አንዱ እሽግ የሆነበትን ምክንያት እርስዎ ያስረዱኝ። የበላ ሰው ቁጥር ብዙ ስለሆነ ነው? ወይስ ስልክ የሚደውልለት ሰው ስላለው?

አከራዬ ጡረተኛ ናቸው። ደንቡ ተከራይ አይባረር፣ ኪራይ አይጨመር ስላለ አልነኩኝም፤ ባይልም አይነኩኝም ነበር። ግን የሚኖሩት በዚያች ኪራይ ነው። የሦስት ወሩ አልተከፈላቸውም። ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ «አይዞሽ፣ ሲከፈት ትከፍይኛለሽ» ብለው የራሳቸውን መድኃኒት ሳይገዙ እንደሰነበቱ ልጃቸው ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በደጃቸው ማለፍ አፍራለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ሐምሌ መግባቱ ነው። የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነኝ። ከሐምሌ 1 እስከ 30 ቁርጥ ግብሬን እንድከፍል ተነግሮኛል። የተሠላው በ2009 ዓ.ም. በተገመተብኝ የቀን ገቢ ነው፤ የታሸግሁባቸው ወራትም ገብተዋል። ቤቱ ታሽጎ ሳለ ሸጠሻል የሚለኝ መንግሥት፣ ሸጠሽ ከሆነ እሽጉን ጥሰሻል ብሎ የሚከሰኝም ራሱ ነው። አዋጁን መጣስ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 200,000 ብር ቅጣት እንዳለው አውቃለሁ። ስለዚህም ነው እስካሁን አንድ ጣቴን እሽጉ ላይ ያላሳረፍሁት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ምግብ ቤቴ እንዲዘጋ ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው አንቀጽ እንዳዘዘ፣ ስሙና ፊርማው ያለበት ወረቀት ይሰጠኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሌለ እሽጉ ይነሳ። የታሸግሁባቸው ቀናት ከግብሬ እንዲቀነሱም ለገቢዎች ይጻፍልኝ። ዛሬ 95ኛው ቀን ነው።

ሰኞ ሐምሌ 13 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ቁልፌን ይዤ፣ ከሁለቱ ልጆች ጋር፣ ከምግብ ቤቴ ደጅ እቆማለሁ። ሰው ይላኩ።

የመናኸሪያ ሰፈር ምግብ ቤት ባለቤት