የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የሰሃን መደርደሪያው ጉዳይ

ዘንድሮ ክበባችን ከአንድ ላሜራ ጋር ሲታገል ነው የከረመው። ጥቅምት ላይ ለትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ምገባ ማዕድ ቤት የታጠበ ሰሃን መደርደሪያ ልንሠራ ተነሳን። ውሃ ስለማያጣው የማይዝግ ላሜራ መረጥን፤ ሲወፍር ዋጋውም ስለሚወፍር ስሱን፣ 0.5 ሚሊ ሜትሩን ገዛን። ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሰሃኑ ሲደረደርበት መሐሉ ረገበ፤ ሰሃኖቹም ተንሸራተው መሐል ላይ ተከመሩ። ምግብ አብሳይዋ «ልጆቼ፣ ይሄማ እንደ ጠፍር አልጋ ረገበባችሁ» አሉን።

«ቲቸር፣ ጠንካራውን ዓይነት ስላልገዛን ነው» አለች አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ። ብዙዎቻችን የምናስበው እንደዚያ ስለሆነ እንፈትነው አልኩ። ከብረት ሠሪዎች 304 እና 430 የሚባሉትን ሁለት የማይዝግ ብረት ዓይነቶች ቁርጥራጭ ለምነን አመጣን። 304 ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና ወደ 8 በመቶ ኒኬል ስላለው ማግኔት እምብዛም አይስበውም፤ 430ን ግን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ልጆቹ በዚህ ለዩዋቸው።

ከሁለቱም 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮች ቆርጠን፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት በቆሙ ሁለት ዴስኮች ላይ አጋደምን። መሐሉ ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ፕላስቲክ አንጠለጠልን። ሁለቱም ወደ 27 ሚሊ ሜትር ወረዱ! ልጅቷ ማስመሪያውን ሦስት ጊዜ መልሳ አየችው። የብረቱ ጥንካሬ የሚታየው ጎብጦ ሳይቀር ወደ ቦታው መመለሱ ላይ ነው፤ ሸክም ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚለመጥ ግን በዓይነቱ ብዙም አይለወጥም።

ቀጥለን 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቁራጭ በዚያው መንገድ ስንሞክር የወረደው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መለመጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ሁለት በሁለት፣ እንደገና በሁለት። ክብደቱና ወጪው ግን እጥፍ ይሆናል፤ የክበባችን ገንዘብ ደግሞ ያንን አይችልም።

መፍትሔው የመጣው ከደብተር ወረቀት ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ወረቀቱን ግራና ቀኝ ጠርዙን አጥፎ እስክሪብቶ አስቀመጠበት፤ አልረገበም። የቤታችን ቆርቆሮ ሞገድ ያለው፣ የትሪ ጠርዝም የሚነሳው ለዚሁ ነው። ስሱን ቁራጭ ሁለቱንም ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር አጥፈን ያንኑ ፕላስቲክ ስናንጠለጥልበት፣ በማስመሪያ የሚነበብ ለውጥ አላየንም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ያንኑ የረገበ ላሜራ ማጠፊያ ማሽን ወዳላቸው ባለሙያ ወሰድነው። ሁለቱን ረጃጅም ጠርዞች 3፣ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች አጠፉልን። የመደርደሪያው ስፋት ከ40 ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ቀነሰ፤ ግን ይበቃል። ከሥሩ መሐል ለመሐል የታጠፈ ጠባብ ቁራጭ በሪቬት (ላሜራን ከላሜራ በሚይዝ አጭር የብረት ችንካር) አያያዝን። የተቆረጠ ላሜራ እንደ ምላጭ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ አንድ ልጃችን ጣቱን ቆርጦታል። ከዚያ ወዲህ ያለ ጓንት ላሜራ የሚነካ የለም፤ ጠርዙም በሞረድ ሳይሞረድ ወደ ማዕድ ቤት አይገባም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሰሃን ሞልተንበት ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠርን። በሲባጎውና በላሜራው መሐል የደብተር ወረቀት እንኳ አልገባም። ምግብ አብሳይዋ ለኩባያም እንዲሠራላቸው ጠይቀዋል፤ ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሥዕሉን ጀምራለች።